«ቴብል ዊጀት ይበቃሃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ኪውት (Qt) የሚባለውን የፕሮግራም መሥሪያ ተጠቅመው የዴስክቶፕ ፕሮግራም በሚጽፉ ልጆች ዘንድ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስፋት ሲዘዋወር ሰንብቷል። መልእክቱ አጭር ነው፦ የራስህን ሞዴል አትጻፍ፣ የራስህን ደለጌት አትጻፍ፣ ቴብል ዊጀት ይበቃሃል። (ለማያውቀው፦ ሞዴል ዳታውን የሚያቀርበው ክፍል ነው፤ ቪው ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው፤ ደለጌት እያንዳንዱን ሴል የሚሥለውና የሚያሳርመው፤ ቴብል ዊጀት ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሠንጠረዥ።) እኔም ጋ ደጋግሞ ደርሷል፤ የላኩልኝ ሰዎችም «ታዲያ እስካሁን በከንቱ ነው የለፋነው?» የሚል ጥያቄ አክለውበታል። ጽሑፉ አንባቢን ይዞ የሚሄድ ነው፤ ጸሐፊውም ኪውትን በእጃቸው የሠሩበት ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ምክራቸውን ግን ጀማሪ እንዳለ ተቀብሎ ሥራ ላይ ካዋለው ጣጣው ብዙ ስለሆነ ዝም ማለት አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ምሳሌያቸው የመድኃኒት ቤት ስቶክ መመዝገቢያ ነው፦ የመድኃኒቱ ስም፣ የባች ቁጥር፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ የገባበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን። ከዚያ ተነሥተው እንዲህ ይላሉ። የራስ ሞዴል የሚያስፈልገው ዳታው በሚሊዮን ሲቆጠር ብቻ ነው። ሞዴል ለመጻፍ አምስት ፈንክሽን ግድ ስለሆነ፣ በተለይ «ኢንዴክስ» (የሴሉን አድራሻ የሚሰጠው) እና «ፓረንት» (በዛፍ መልክ ዳታ ላይ ወላጁን የሚናገረው) የሚባሉት ፕሮግራሙን ክራሽ ስለሚያደርጉ፣ ለተራ ሠንጠረዥ ትርፉ ድካም ነው። ሞዴል ከጻፍክም ዳታው በተለወጠ ቁጥር ሙሉ ሪሴት አድርግ (ሠንጠረዡ ሁሉንም እንደ አዲስ ያንብብ)፤ ረድፍ በረድፍ «ቢጊን» እና «ኤንድ» እያሉ ማሳወቅ ወግ ማብዛት ነው። ደለጌት አያስፈልግም፤ በተን ከፈለግክ በ«ሴት ኢንዴክስ ዊጀት» ሴሉ ላይ አስቀምጥ፣ ቀን ማሳመር ከፈለግክ «ዳታ» ፈንክሽን ውስጥ ወደ ጽሑፍ ቀይረህ መልስ። አሠራሩ ራሱ ቀርፋፋ ነው፤ ስክሪኑ በተሣለ ቁጥር «ዳታ» ከሺህ ጊዜ በላይ ይጠራል። በመጨረሻም፣ ኪውኤምኤል (የኪውት ሌላው የገጽ መሥሪያ ቋንቋ) ከመጣ ወዲህ ይህ ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ነው።

እንዲነበብ ብዬ ከክላሶቹ ስም ፊት ያለችውን «ኪው» በሙሉ ትቻታለሁ። ምሳሌውንም አልቀይርም፤ እዚያው መድኃኒት ቤት እንቆያለን።

ሞዴል የሚያስፈልገው ዳታ ሲበዛ ነው ስለሚለው

ቀድሞ ነገር ቴብል ዊጀት ራሱ ሞዴል አለው። ክላሱ ከቴብል ቪው የወረሰ ሲሆን በውስጡ ከአብስትራክት ቴብል ሞዴል የተሠራ የራሱን ሞዴል ይዟል፤ ሌላ ሞዴል እንዳትሰጠው «ሴት ሞዴል» የሚለውን ፈንክሽን ፕራይቬት አድርጎ ዘግቶታል። ስለዚህ ሞዴል ይኑር ወይስ አይኑር የሚል ምርጫ ከመነሻው የለም። የምንመርጠው ዳታው የት እንደሚኖር ነው፤ በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ወይስ በስክሪኑ ሴሎች ውስጥ።

ይህ ከብዛት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አርባ ረድፍ ብቻ ያለው መድኃኒት ቤት እንውሰድ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ከዳታቤዝ የባቾችን ዝርዝር ያነባል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሴል አንድ ቴብል ዊጀት አይተም ፈጥሮ «240» የሚል ጽሑፍ ያስገባበታል። አሁን 240 በሁለት ቦታ ተቀምጧል። ሽያጭ መስኮቱ ሁለት እሽግ አሞክሲሲሊን ሲሸጥ ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ወደ 238 ያወርዳል፤ ሴሉ ግን ማንም አልነገረውምና 240 እንዳለ ይቀራል። «ሴሉንም አብረህ አድስ» ትላለህ፤ እሺ። ነገ የተመለሰ ዕቃ መመዝገቢያ ይጨመራል፣ ከነገ ወዲያ የቆጠራ ማስተካከያ ይመጣል፣ ከዚያ የሪፖርት መስኮት የራሱን ሠንጠረዥ ይዞ ይከተላል። ዳታውን የሚነካ እያንዳንዱ ኮድ የትኛው መስኮት ላይ የትኛው ሴል እንዳለ ማወቅ ሊኖርበት ነው። ሞዴል ሲኖር ዝርዝሩ አንድ ነው፤ «ዳታ ቼንጅድ» የሚለው ሲግናል አንዴ ይላካል፤ ያንን ሞዴል የያዘ ቪው ሁሉ፣ ሁለትም ይሁን አምስት፣ ራሱን ያድሳል።

የጸሐፊው ናሙና ኮድ ውስጥም አንድ ነገር አየሁ። ሠንጠረዡ ሶርት እንዲሆን የሚፈቅደውን መስመር የጻፉት ረድፎቹን ከሚሞላው ሉፕ በፊት ነው። ሠንጠረዡ በስም እየተደረደረ ሳለ አዲስ ረድፍ ጨምረህ የስሙን ሴል ስታስገባ፣ ረድፉ ወዲያው ተነሥቶ ፊደል ተራው ወደሚገባው ቦታ ይሄዳል። ሉፑ የያዘው የረድፍ ቁጥር ግን አልተለወጠም። ቀጥሎ የሚገቡት ብዛትና ዋጋ በዚያ ቁጥር ላይ አሁን ያረፈው ሌላ መድኃኒት ላይ ይቀመጣሉ። የኪውት ሰነድ ራሱ ሶርቲንግን ከሞላህ በኋላ አብራ ብሎ ያስጠነቅቃል። ሲሞክሩት አለመታየቱ አይገርምም፤ ከዳታቤዙ የመጣው ዝርዝር አስቀድሞ በዚያው ተራ ከተደረደረ ማንም ረድፍ ከቦታው አይነቃነቅም። ዝርዝሩ ያልተደረደረ ቀን ግን የፓራሲታሞል ዋጋ ኢንሱሊን ላይ ይገኛል።

ይህ ባግ በራስህ ሞዴል ሊደርስ አይችልም። ረድፉ የሚጨመረው አንድ ሙሉ ባች ሆኖ ነው፤ መደርደሩ ደግሞ በሞዴሉና በቪው መካከል የሚቀመጠው የፕሮክሲው ሥራ ስለሆነ ምንጩን አይነካውም።

የምቀበለው አለ። ስድስት ረድፍ ላለው፣ ማንም ለማይደረድረው፣ ሌላ መስኮት ለማያየው የሴቲንግ ሠንጠረዥ ሞዴል መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። ቁጥር በፊደል ተራ ተደረደረ የሚለው የተለመደ ክስ ላይም ቴብል ዊጀትን በሐሰት አንክሰስ፤ 100 ከ20 የሚቀድመው ቁጥሩን በጽሑፍ መልክ ስታስገባው ነው፣ በ«ሴት ዳታ» እንደ ቁጥር ካስገባኸው በትክክል ይደረድረዋል።

አምስቱ ፈንክሽኖች

አምስት የሚሆኑት ከአብስትራክት አይተም ሞዴል በቀጥታ ስትወርስ ነው፤ ያ ደግሞ በዋናነት ለዛፍ መልክ ዳታ ነው። ለሠንጠረዥ አብስትራክት ቴብል ሞዴል አለልህ፤ «ኢንዴክስ» እና «ፓረንት» ተጽፈው ነው የሚመጡት፣ አንተ የምትጽፈው «ሮው ካውንት»፣ «ኮለም ካውንት» እና «ዳታ» ብቻ ነው። ለዝርዝር ከሆነ ሁለት ይበቃል። እንዲታረም ከፈለግክ «ሴት ዳታ» እና «ፍላግስ» ይጨመራሉ። ጸሐፊው ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም፤ ግን የዛፉን ችግር አምጥተው ሠንጠረዡ ላይ ጭነውታል።

እዚህ ጋ ጀማሪን በእውነት የሚጥሉት ሁለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ጽሑፉ ውስጥ የሉም። አንደኛው፣ «ሮው ካውንት» የሚሰጠው ፓረንት ትክክለኛ ኢንዴክስ ከሆነ ዜሮ መመለስ አለበት፤ ይህን ከረሳህ ያው ሞዴል በትሪ ቪው (በዛፍ ማሳያ) ሲከፈት እያንዳንዱ ረድፍ ሥር ያው ሠንጠረዥ እንደገና ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው፣ «ሴት ዳታ» ዋጋውን ቀይሮ «ዳታ ቼንጅድ» ካልላከ ሌላው ቪውና ፕሮክሲው ለውጡን አያውቁም። የመጀመሪያውን ዓይነት ስሕተት የሚይዝልህ መሣሪያ ከኪውት 5.11 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ አብስትራክት አይተም ሞዴል ቴስተር ይባላል። ሞዴልህን ትሰጠዋለህ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሕግ ስትጥስ ይነግርሃል።

ስለ ዛፍ ያሉት ግን እውነት ነው፤ «ፓረንት»ን በትክክል መጻፍ ከባድ ነው። የሚመለሰው ኢንዴክስ ዓምዱ ዜሮ መሆን አለበት፣ ረድፉ ወላጁ ከአያቱ ሥር ያለው ተራ ነው፤ ብዙ ሰው የልጁን ረድፍ ይመልስና ይቸገራል። ኢንዴክሱ ውስጥ ያስቀመጥከው ፖይንተር የሚያመለክተው ነገር ከጠፋ በኋላ ቪው ከጠየቀህ ክራሽ ነው። በፓይተን ደግሞ ይብሳል፦ ለ«ክሪኤት ኢንዴክስ» የሰጠኸውን ኦብጀክት ሌላ ቦታ ካልያዝከው ፓይተን ከሜሞሪ ጠርጎት ኢንዴክሱ ባዶ ቦታ ያመለክታል። መውጫው በፖይንተር ፈንታ ቁጥር ማስቀመጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ መለያ ሰጥተህ በመዝገብ ትፈልገዋለህ፣ መለያው መዝገቡ ውስጥ ከሌለ ባዶ መልስ ትሰጣለህ፣ ፕሮግራሙ አይወድቅም። የኪውት ሰዎች ራሳቸው የኮዱን ብዛት አይክዱም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 6.10 ሬንጅ ሞዴል የሚባል ክላስ ይዞ መጥቷል፣ ተራ የሲፕላስፕላስ ዝርዝር ስትሰጠው ወደ ሞዴል ይቀይርልሃል። ጸሐፊው «አድካሚ ነው» ብለው ቢያቆሙ ኖሮ አብሬያቸው በፈረምኩ።

ሪሴት አድርገህ ተገላገል

ከምክሮቹ ሁሉ ይህን ነው አጥብቄ የምቃወመው።

ሪሴት ለቪው የሚለው «የምታውቀውን ሁሉ እርሳ» ነው። ቪውም ይታዘዛል፤ የተመረጠው ረድፍ ይለቀቃል፣ በዛፍ ላይ የተከፈቱት ቅርንጫፎች ይዘጋሉ፣ የተከፈተ ኤዲተር ካለ ይዘጋል። የመጨረሻውን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ እንየው። ፕሮግራሙ በየጥቂት ሰከንዱ ሰርቨሩን ጠይቆ ስቶኩን ያድሳል። ፋርማሲስቷ ቆጠራ ላይ ናት፤ የብዛቱን ሴል በድርብ ክሊክ ከፍታ 1 ብላ 8 ልትጽፍ ስትል ከሌላ ቅርንጫፍ አንድ ባች ይሸጣል፣ ሪሴት ይመጣል። ኤዲተሩ ጠፋ። የጻፈችው 1 የትም አልተመዘገበም። 8ን ስትጫን ቁልፉ የሚደርሰው ለሠንጠረዡ ነው፤ ሠንጠረዡ ደግሞ ፊደልና ቁጥር ሲጻፍበት በዚያ የሚጀምር ረድፍ ፈልጎ ሊዘል ይችላል። እሷ የምታየው ኮምፒውተሩ ራሱ እንደፈለገ ሲሄድ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፦ አሥር መስመር ኮድ ለማትረፍ የተጠቃሚው ሥራ ይጠፋል።

ጸሐፊው «ወግ» ያሉት ደግሞ ምን ያህል ነው? አንድ ባች ሲጨመር «ቢጊን ኢንሰርት ሮውስ» ብለህ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ረድፍ ትናገራለህ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ታስገባለህ፣ «ኤንድ ኢንሰርት ሮውስ» ትላለህ። የመጨረሻው ረድፍ ራሱም ይቆጠራል፤ አምስተኛው ላይ አንድ ብቻ ከሆነ የምታስገባው ሁለቱም ቁጥር 5 ነው። የመጣው አዲስ ባች ዜሮ ከሆነ ጨርሶ አትጥራው፤ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ያነሰ ሆኖ ዲበግ ላይ ያቆምሃል። ብዛት ብቻ ከተለወጠ ይህም አያስፈልግም፣ «ዳታ ቼንጅድ» ይበቃል። ፋርማሲስቷ የከፈተችው ኤዲተር ባለበት ይቆያል፤ ከላዩ አዲስ ረድፍ ቢገባ እንኳ ከረድፉ ጋር አብሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቪው ኤዲተሩን የያዘው በፐርሲስተንት ኢንዴክስ፣ ማለትም ረድፉ ሲንቀሳቀስ አብሮ በሚታደስ አድራሻ ነውና።

አንድ ነገር ልመን። «ቢጊን ሙቭ ሮውስ» ግራ የሚያጋባ ነው። ረድፍ 2ን ከረድፍ 3 በታች ለማውረድ መድረሻው 3 ሳይሆን 4 ነው፤ ቁጥሩ የሚሰላው ረድፉ ከመነሣቱ በፊት ባለው ተራ ስለሆነ። ዝርዝሩ ከሥር መሠረቱ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ተጠቃሚው ሌላ ቅርንጫፍ ሲመርጥ፣ ሪሴት ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ያኔ የተረሳው ሁሉ መረሳት የነበረበት ነው።

ደለጌት፣ በተን እና ቀን

የኪውት ሰነድ ስለ «ሴት ኢንዴክስ ዊጀት» የሚለው ግልጽ ነው፦ ለማይለዋወጥ ይዘት ብቻ ተጠቀሙበት፤ የሚለዋወጥ ይዘት ወይም የራሳችሁን ኤዲተር ከፈለጋችሁ ከስታይልድ አይተም ደለጌት ውረሱ። ጸሐፊው ምክሩን ሲሰጡ ይህን ክፍል ዘልለውታል።

ምን ይሆናል ብላችሁ ብትጠይቁ፦ በየረድፉ «ሽጥ» የሚል በተን ለጠፍክ እንበል። አምስት ሺህ ረድፍ ካለ አምስት ሺህ እውነተኛ ዊጀት ተፈጠረ፣ ስክሮል ባደረግክ ቁጥር ቪው የሁሉንም ቦታ ያስተካክላል። ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። ተጠቃሚው መፈለጊያው ላይ «አሞክ» ብሎ ሲጽፍ ፕሮክሲው የማይመሳሰሉትን ረድፎች ያስወግዳል፤ የተወገደ ረድፍ ላይ ያለ ዊጀት ይሰረዛል። ፍለጋውን ሲያጸዳ ረድፎቹ ይመለሳሉ፣ በተኖቹ አይመለሱም። ሪሴት ሲደረግም እንደዚሁ፤ ቪው የያዛቸውን ዊጀቶች በሙሉ ይለቃል። እንግዲህ የጸሐፊውን ሦስተኛና አራተኛ ምክር አንድ ላይ የተከተለ ሰው በተኖቹ በመጀመሪያው እድሳት ይጠፉበታል። ሁለቱ ምክሮች አብረው መኖር አይችሉም።

በደለጌት ሲሆን በተኑ ዊጀት አይደለም፤ «ፔይንት» ውስጥ በስታይሉ አማካይነት የሚሣል ምስል ነው፣ ክሊኩን የምትቀበለው «ኤዲተር ኢቨንት» ውስጥ ነው። ይህም ዋጋ ያስከፍላል፤ በሐቅ እንነጋገር ከተባለ የተሣለ በተን በታብ ቁልፍ አይደረስበትም፣ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ዓይነ ስውር ተጠቃሚም በተን መሆኑን አያውቅም። ለዚህ እኔ የምመርጠው በየረድፉ በተን መደርደሩን ትቶ ከሠንጠረዡ በላይ በተመረጠው ረድፍ ላይ የሚሠራ አንድ እውነተኛ በተን ማስቀመጥ ነው።

የቀኑ ጉዳይ ግን ለእኛ አገር ፕሮግራመር ከሁሉም የቀረበ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት። መድኃኒት ቤቱ ሁለት ዓይነት ቀን አለው። ዕቃው የገባበት ቀን በእኛ አቆጣጠር እንዲታይ ባለቤቱ ይፈልጋሉ፤ ደረሰኙም መዝገቡም እንደዚያ ነው። የሚያበቃበት ቀን ግን ካርቶኑ ላይ በግሪጎሪያን ታትሞ የመጣ ነው፤ መቀየር ስሕተት መጋበዝ ነው። ኪውት ከ5.14 ጀምሮ ካላንደር የሚባል ክላስ አለው፤ ግሪጎሪያን፣ ጁሊያን፣ ሚላንኮቪች፣ ጃላሊና እስላማዊ ሲቪል አቆጣጠርን ያውቃል። የእኛን አያውቅም። ዴት ኤዲት የሚባለው ዊጀት ላይም ጳጉሜን የምትመርጥበት ቦታ የለም።

የጸሐፊውን መንገድ ከተከተልን «ዳታ» ውስጥ ቀኑን ወደ «ጥቅምት 3 ቀን 2017» ቀይረን ጽሑፉን ብቻ እንመልሳለን። ያምራል። ከዚያ ፋርማሲስቷ በገባበት ቀን ልትደረድር የዓምዱን ራስ ትጫናለች፤ ሐምሌ አንደኛ ወጣ፣ መስከረም ተከተለው፣ መጋቢት ሦስተኛ፣ ሚያዝያ አራተኛ። የተደረደረው በሀ ሁ ነዋ። ከስድስት ወር በላይ የቆየውን ቀይ አድርግ ሲባልም ያንን ጽሑፍ መልሰን ወደ ቀን ልንፈታው ነው። ከድጡ ወደ ማጡ።

በደለጌት ሞዴሉ ለሁለቱም ዓምዶች ንጹሕ ቀን ይመልሳል። ለገባበት ቀን ዓምድ ብቻ «ሴት አይተም ደለጌት ፎር ኮለም» ብለን የራሳችንን ደለጌት እንሰጠዋለን፤ የሚያበቃበት ቀን ያለው ዓምድ አይነካም። ደለጌቱ «ዲስፕሌይ ቴክስት» የሚለውን አንድ ፈንክሽን ይተካል፦ የመጣው ዋጋ ቀን ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ይመልሳል። ስሌቱ በጁሊያን ቀን ቁጥር (ቀናትን ከጥንት ጀምሮ በተከታታይ በሚቆጥር ቁጥር) በኩል ይሄዳል፣ ኪውትም ያንን ቁጥር ይሰጣል፣ ይቀበላልም። ከእኛ ወደዚያ ለመሄድ ከዓመቱ አንድ ቀንሰህ በ365 አባዛ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ሙሉ ቁጥሩን ደምር፤ ከወሩ አንድ ቀንሰህ በ30 አባዝተህ ደምር፤ ከቀኑ አንድ ቀንሰህ ደምር፤ በመጨረሻ 1724221 ጨምርበት። መስከረም 1 ቀን 2000ን ብትሞክሩ 2454356 ይመጣል፤ እሱን ለኪውት ስትሰጡት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ይላችኋል፣ የሚሌኒየሙ ዕለት።

ለማረም ሦስት ፈንክሽን ይጨመራል። «ክሪኤት ኤዲተር» የቀን፣ የወርና የዓመት መምረጫ ያለው አንድ ትንሽ ዊጀት ይፈጥራል፤ ወሮቹ አሥራ ሦስት ናቸው፣ ጳጉሜን ሲመረጥ የቀኑ ጣሪያ 5 ወይም 6 ይሆናል። «ሴት ኤዲተር ዳታ» ከሞዴሉ ቀኑን ወስዶ ሦስቱ ላይ ያከፋፍላል። «ሴት ሞዴል ዳታ» መልሶ አንድ ቀን አድርጎ ለሞዴሉ ይሰጣል። ሁለት ነገር አትርሱ፤ ለኤዲተሩ «ኦቶ ፊል ባክግራውንድ» ካልበራ የሴሉ ጽሑፍ ከሥሩ ያሳብቃል፣ «ፎከስ ፕሮክሲ» ካልተሰጠው ደግሞ ተጠቃሚው ከፍቶት ሲጽፍ ቁልፉ ወደ ቀኑ መምረጫ አይሄድም። ያንኑ ደለጌት ለሁለት ቪው አታጋሩ፤ አንዱ ላይ የተዘጋ ኤዲተር ሌላውን ያምሳል።

እንግዲህ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ድረስ ትክክል የሆኑበት ቦታ እዚህ ነው። ቀኑ በደለጌት ብቻ ሲጻፍ ፕሮክሲው አያየውም፤ ተጠቃሚው መፈለጊያው ላይ «ጥቅምት» ቢል ምንም አይገኝም፣ ሞዴሉ ጥቅምት የሚል ቃል የለውምና። በአማርኛ ወር ስም መፈለግ ካስፈለገ ጽሑፉን ከሞዴሉ መመለስ ይሻላል። ነገር ግን በአንድ ሮል (ዳታው ለምን እንደተፈለገ በሚናገር መለያ) ብቻ! «ዲስፕሌይ ሮል» ሲጠየቅ «ጥቅምት 3 ቀን 2017»፣ «ኤዲት ሮል» ሲጠየቅ ንጹሑን ቀን፤ ፕሮክሲውንም በ«ሴት ሶርት ሮል» በኤዲት ሮሉ ደርድር እንለዋለን። ያኔ ፍለጋውም ድርድሩም ይሠራል። በዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ሮል የሚለው ነገር አንዴም አለመነሣቱ ነው ያስገረመኝ፤ «ዳታ» ሁለት ነገር ይቀበላል፣ የትኛው ሴል እና ለምን ፈለግከው የሚለውን። ሁለተኛውን የጣለ ሰው ሞዴልን ቢጠላ አይፈረድበትም።

ቀርፋፋ ነው

ቁጥሩ ትክክል ነው፤ እንዲያውም አብረን እናስላው። ደለጌቱ አንድ ሴል ለመሣል ሰባት ነገር ይጠይቃል፦ ፎንት፣ አሰላለፍ፣ የጽሑፍ ቀለም፣ ምልክት ማድረጊያ፣ አይከን፣ ጽሑፍ እና የጀርባ ቀለም። ስክሪን ላይ 30 ረድፍና 6 ዓምድ ከታየ 180 ሴል ነው፤ በሰባት 1,260 ጥሪ። ያስደነግጣል፤ ግን ከዝርዝር ውስጥ አንድ ዋጋ አንሥቶ መመለስ ለኮምፒውተር ምንም አይደለም፣ ጠቅላላው ረድፍ 40 ይሁን 400,000 ጥሪው ያው ነው፤ ቪው የሚጠይቀው የሚታየውን ብቻ ነው። ቴብል ዊጀትም በዚያው ቪውና በዚያው ደለጌት በኩል ነው የሚሣለው፤ ክሱ ሁለቱንም ይነካል። ልዩነቱ መቶ ሺህ ረድፍ ሲሆን ቴብል ዊጀት ስድስት መቶ ሺህ አይተም በሜሞሪ መያዙ ነው። ኪውት 6 ደግሞ «መልቲ ዳታ» ጨምሯል፤ ሰባቱንም በአንድ ጥሪ መመለስ ይቻላል።

ፕሮግራሙ በእውነት ከተንቀራፈፈ «ዳታ» ውስጥ ምን እንደጻፋችሁ እዩ። ዳታቤዝ የሚጠይቅ ወይም አይከን ከፋይል የሚያነብ መስመር ካለ እሱ ነው። ቀጥሎ ዓምዶቹ በይዘታቸው ልክ እንዲሰፉ ያደረጋችሁበትን መስመር ተመልከቱ፤ ሄደሩ ስፋት ለመወሰን በነባሪ እስከ 1,000 ረድፍ ይለካል። በትሪ ቪው ላይ ሁሉም ረድፍ እኩል ቁመት ካለው «ዩኒፎርም ሮው ሃይትስ»ን ማብራት ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

ኪውኤምኤል አስቀርቶታል

ኪውኤምኤል ላይ ደለጌት የሚባለው ሌላ ነገር ነው፤ ስም እንጂ አሠራር አይጋሩም፣ በሲፕላስፕላስ የጻፍከው ደለጌት እዚያ አይሄድም። እስከዚህ ልክ ናቸው። ሞዴሉ ግን ያው አብስትራክት አይተም ሞዴል ነው። የመድኃኒት ቤቱን ሞዴል ወደ ሊስት ቪው ለማሻገር «ሮል ኔምስ» የሚለውን ፈንክሽን ጨምሮ ለእያንዳንዱ ሮል ስም መስጠት ይበቃል፤ ቢጊንና ኤንዱ፣ ዳታ ቼንጅዱ፣ ፕሮክሲው ሁሉ እንዳለ ይሠራል። እዚያ ሪሴት ማድረግ እንዲያውም የባሰ ነው፤ የሚታዩት ደለጌቶች በሙሉ ፈርሰው እንደገና ይሠራሉ። ቴብል ዊጀት ላይ የተጻፈው ፕሮግራም ለመሻገር ሲነሣ ይዞት የሚሄደው ሞዴል ስለሌለው ከ«ሮው ካውንት» ይጀምራል።